ልጄ ኮንዳክተር እሆናለሁ አለችኝ፣ ይሄ ነገር የምር ስራ ነው እንዴ?

ትራም ነጂው (ጎተንበርግ)

ሰላም ቤተሰብ። ሙዚቃ ክፍል ውስጥ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፣ እስካሁን የምታውቁኝ መኪናና መንጃ ፈቃድ ክፍል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጄ 16 አመቷ ነው፣ ከሰባት አመቷ ጀምሮ የማዘጋጃ ቤቱ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ትማራለች፣ ቼሎ ማለት ያ ተቀምጠው ጉልበት መሀል ይዘው የሚጫወቱት ትልቁ ቫዮሊን ነው፣ ክረምት ከበጋ በበረዶ ላይ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ጥሩ ነው፣ ልጅ ሲማር ደስ ይላል አልን። ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ቼሎውን አልተውም ግን ወደፊት ኮንዳክተር ነው የምሆነው አለች፣ እሱም ዝም ብሎ ኮንዳክተር አይደለም፣ የዘመናዊ ሙዚቃና የኦፔራ። አዲስ አበባ ላለችው እህቴ በስልክ ስነግራት "ምን? ቲኬት ልትቆርጥ ነው?" አለችኝ፣ አባት ትራም ይነዳል ልጅ ቲኬት ትቆርጣለች ብላ ስትስቅ ስልኩ ከእጇ ሊወድቅ። የልጄ እናት ግን አልሳቀችም።

ክፍሏ ግድግዳ ላይ የአንዲት ሴትዮ ፎቶ ለጥፋለች፣ ሱዛና ማልኪ ትባላለች፣ ፊንላንዳዊት ናት። "አባዬ ይቺ ሴት እኮ እዚሁ ከተማ ኦርኬስትራ ውስጥ ቼሎ ትጫወት ነበር" ትለኛለች። ኮንሰርት አዳራሹን አውቀዋለሁ፣ ፖሰይዶን የሚባለው ራቁቱን የቆመ ሀውልት ያለበት አደባባይ ላይ ነው፣ ቫላንድ ፌርማታ ሰው ሳወርድ ቫዮሊን ጀርባቸው ላይ ያዘሉ ሰዎች ወርደው ወደዛ ሲሄዱ አያለሁ፣ ገብቼ ግን አላውቅም።

እና ጥያቄዬ፣ ይሄ ፊት ቆሞ እጁን የሚያወናጭፈው ሰው ምንድነው የሚሰራው? ሙዚቀኞቹ ወረቀቱ ፊታቸው አለ አይደል እንዴ? ደግሞስ እንጀራ ይሆናል ወይ? ለቀልድ አይደለም፣ የማውቀው ሙያ ቢሆን እመክራት ነበር፣ የማላውቀውን ነገር ተይ ማለትም ግፊ ማለትም ከበደኝ።

ካዛንቺስ77

ሃሃሃ እህትህ ገደለችኝ። ወንድሜ እኔ ሁሌ የምለው ነው፣ እዛ ሁሉ ሰው መሀል ምንም ድምፅ የማያወጣው እሱ ብቻ ነው፣ መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብሎ ጭብጨባ የሚቀበለው ግን እሱ ነው። ነርሲንግ ትማር።

ቼሎ ያለ ገመድ (በርሊን)

ጋሼ ጥያቄዎ ደስ ብሎኛል። እኔ ድሮ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ተምሬ ነበር፣ አሁን ስራዬ ሌላ ነው፣ ግን ኮንሰርት አልቀርም። መጀመሪያ ስለ ፎቶዋ ልንገርዎት፣ ምክንያቱም ልጅዎ የመረጠቻት ሰው ለጥያቄዎ ራሷ መልስ ናት። (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ማልኪ 1969 ሄልሲንኪ ተወለደች። 1994 ቱርኩ ከተማ የሀገሪቱ የቼሎ ውድድር ላይ አንደኛ ወጣች፣ ከ1995 እስከ 1998 ደግሞ እናንተ ከተማ የጎተንበርግ ሲምፎኒ ውስጥ የቼሎዎቹ ሁሉ መሪ ሆና ሰራች። ያኔ ኦርኬስትራውን የሚመራው ኔሜ ያርቪ ነበር፣ ኢስቶኒያዊው፣ ከ1982 እስከ 2004 እዛው ቆይቷል። እና ልብ ይበሉልኝ፣ እንዲህ አይነት ወንበር ማለት ቋሚ ደሞዝ ነው፣ ጡረታ አለው፣ አንድ ሰው ሲለቅ መቶ ምናምን ሰው ይወዳደርበታል። እሷ እሱን ትታ ነው ኮንዳክቲንግ ውስጥ የገባችው። ከዛ ኖርዌይ ስታቫንገር ከ2002 እስከ 2005፣ ከዛ ፓሪስ። ፓሪስ ያለው ኦንሳምብል ኢንተርኮንታምፖራን የሚባለው ነው፣ 31 ሰው ብቻ፣ ሁሉም ለብቻው ሶሎ መጫወት የሚችል፣ ስራቸው አዲስ የተጻፈ ሙዚቃ ነው። 1976 ላይ ያቋቋመው ፒየር ቡሌዝ ነው። እሷ ከ2006 እስከ 2013 መራችው። በዛ ቤት ሰባት አመት የቆየ ሰው የማይፈራው ኖታ የለም።

ከዛ በኋላ የሄልሲንኪ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ዋና መሪ ከ2016 እስከ 2023፣ መሀል ላይ የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ዋና ተጋባዥ መሪ። ኦፔራውን ለብቻው እመለስበታለሁ፣ አሁን ባቡሬ ደረሰ።

የመሪጌታ ልጅ

ካዛንቺስ፣ አንተ ማህሌት ቆመህ ታውቃለህ? አባቴ መሪጌታ ነው፣ እኔ በልጅነቴ መቋሚያ ይዤ እንቅልፌን እየታገልኩ ያደርኩ ሰው ነኝ። ሁለት ረድፍ ሊቃውንት ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ዜማው በቁም ይጀምራል፣ ወደ ዝማሜ ይገባል፣ ወደ መረግድ፣ ከበሮው እየፈጠነ እየፈጠነ ጽፋት ይሆናል። እና መቼ ነው የሚያልፈው ከአንዱ ወደ አንዱ? ማን ነው የሚወስነው? ማንም አይናገርም እኮ! አባቴ መቋሚያዋን ትንሽ ከፍ ያደርጋታል፣ በቃ፣ አርባ ሰው በአንድ ጊዜ። ዜማው ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፣ ግን ያቺ ከፍ ማለት ባትኖር ግማሹ ጽፋት ግማሹ መረግድ ነበር የሚሆነው። ፊት የሚቆም ሰው ስራ የለውም አትበል።

ካዛንቺስ77

እሺ አባ፣ ተሸነፍኩ። ግን ማህሌት ሌላ፣ ይሄ ሌላ።

ቼሎ ያለ ገመድ (በርሊን)

የመሪጌታ ልጅ በጣም ጥሩ ነው ያመጣኸው፣ ልዩነቱም እዛው ውስጥ አለ። የአባትህ ሊቃውንት ሀያ ሰላሳ አመት በቃላቸው ይዘውታል። ቤትሆቨን የሚጫወት ኦርኬስትራም እንደዛው ነው፣ ኮንዳክተሩ ቢያስነጥሰው እንኳን እስከ መጨረሻው ይደርሳሉ። አዲስ ሙዚቃ ግን ማንም ሰምቶት አያውቅም! ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ ይመጣል፣ ሀሙስ ማታ ህዝብ ይገባል፣ በመሀል አራት ቀን አለ። ያን ሙዚቃ በጭንቅላቱ ሰምቶት የሚመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ኮንዳክተሩ ነው።

ምቱም ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንዱ ባር (ምቱ የሚከፋፈልበት ትንሽ ክፍል ነው) አምስት ምት፣ ቀጥሎ ሰባት፣ ቀጥሎ ሶስት፣ ከዛ ድንገት ሁለት ተኩል የሚመስል ነገር። ኤሌክትሮኒክስ ካለበት ደግሞ ኮምፒውተሩ አይጠብቅም፣ ኮንዳክተሩ ጆሮ ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ይገባል፣ ከዛች ጠቅታ ጋር ሰማኒያ ሰው ይዞ መሄድ አለበት፣ ቀኝ እጁ ምቱን ይሰጣል፣ ግራው ደግሞ አንተ ግባ፣ አንቺ ቀንሺ ይላል። እና ደግሞ ስህተት። አዲስ ኖታ ሲታተም ሁሌ ስህተት አለው፣ አቀናባሪው ራሱ ሲገለብጥ ይስታል። ሰማኒያ ሰው ጥርስ የሚነክስ ድምፅ እያወጣ በመሀል "ሁለተኛ ክላሪኔት፣ ባር 114 ላይ ያለችው ኖታ ቤሞል (ትንሽ ዝቅ ያለች) መሆን የለባትም?" ብሎ ማቆም፣ ሙያ ማለት ይሄ ነው። እኔ አንድ ልምምድ ላይ ተቀምጬ ይሄን አይቻለሁ፣ አቀናባሪው ከኋላዬ ሁለት ወንበር አልፎ ነበር፣ ጭንቅላቱን ይዞ ኖታውን አገላበጠና "ልክ ነህ" አለ።

ጋሼ አንድ ታሪክ ልጨምር። ሲመርማን የሚባል ጀርመናዊ "ወታደሮቹ" የሚል ኦፔራ ጻፈ፣ የተለያዩ ትእይንቶች በአንድ ጊዜ መድረክ ላይ የሚሄዱበት። ትልልቅ ኮንዳክተሮች አይተው ይሄ ነገር አይቻልም ብለው መለሱት፣ አቀናባሪው ራሱ አቃለለው፣ በመጨረሻ 1965 ኮሎኝ ላይ ሚካኤል ጊለን ቆሞ መራው። ጊለን በልጅነቱ ከድሬስደን ቤተሰቡ ከናዚ ሸሽቶ ቦነስ አይረስ ያደገ ሰው ነው። አሁን ያ አይቻልም የተባለ ኦፔራ በብዙ ሀገር ይታያል። አንድ ሰው ይቻላል ብሎ ቁጭ ብሎ ስላጠናው ነው።

ትራም ነጂው (ጎተንበርግ)

ወንድሜ በመጀመሪያ አንተ በለኝ፣ አንቱታው አስረጀኝ። ሁለተኛ አመሰግናለሁ፣ የመሪጌታ ልጅ ያልከው ነገር ለሚስቴ ሳነብላት ዝም አለች፣ የሷም አያት ደብተራ ነበሩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ልጄ ያሰማችኝ ሙዚቃ ድስት ከመደርደሪያ ሲወድቅ ነው የሚመስለው። ከዛ ደግሞ በጣም ረጅም ዝምታ፣ አለቀ ብዬ ስነሳ "አባዬ ቁጭ በል ገና ነው"። ይሄን ማን ይሰማል? ማንስ ይከፍላል?

ሜሪላንድ ያለሁት እናት

ወንድም አለም እኔም እንዳንተ ነበርኩ። 2016 ዲሴምበር ላይ አብራኝ የምትሰራ ነርስ ትርፍ ቲኬት አለኝ ብላ ሲኒማ ቤት ወሰደችኝ፣ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቀጥታ በሲኒማ የሚያስተላልፈው ነገር አለ። ፊልም መስሎኝ ፖፕኮርን ገዝቼ ነበር እኮ! የሚታየው "የሩቅ ፍቅር" የሚባል ኦፔራ ነው፣ ያቀናበረችው ካይያ ሳሪያሆ፣ ፊንላንዳዊት፣ ነፍሷን ይማርና 2023 አረፈች። የመራችውም እቺው ልጅህ ፎቶዋን የለጠፈቻት ሴትዮ ናት፣ አሁን ገና ነው ስሟን ሳነብ ያገናኘሁት።

ታሪኩ ምን መሰለህ፣ አንድ የፈረንሳይ መስፍን አለ፣ ዘፈን ገጣሚ፣ ባህር ማዶ ትሪፖሊ ያለች አይቷት የማያውቅ ሴት በወሬ ይወዳታል። መንገደኛ አንድ በመሀል እየተመላለሰ ወሬ ያደርሳል፣ ለሱ ስለሷ ለሷ ስለሱ። ዘፋኞቹ ሶስት ብቻ ናቸው ከኳየሩ ሌላ። በመጨረሻ መስፍኑ ባህሩን ተሻግሮ ሲሄድ መንገድ ላይ ይታመምና ሲደርስ እጇ ላይ ይሞታል። እኔ ስደት ላይ ያለ ሰው ነኝ፣ አንድን ሰው በስልክ ብቻ ስድስት አመት ወድጄ የማውቅ ሰው ነኝ፣ ምን አርገህ አታለቅስም? መድረኩ ላይ ባህሩን በ28 ሺ ትንንሽ መብራት ነው የሰሩት፣ ሙዚቃው ዜማ የለውም ልበልህ አለው ልበልህ አላውቅም፣ ዝም ብሎ እንደ ውሃ ከፍ ዝቅ ይላል። መስፍኑን የተጫወተው ኤሪክ ኦወንስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ድምፁ ከመሬት ስር ነው የሚመጣው። በእረፍት ሰአት ሲናገሩ በዚህ ቤት የሴት አቀናባሪ ኦፔራ ሲታይ ከ1903 ወዲህ የመጀመሪያው ነው አሉ። 113 አመት! ያቺ ነርስ ጓደኛዬና እኔ ፖፕኮርኑን ሳንነካው ወጣን።

ድስት ነው አልክ፣ እኔ ጋር እንኳ ድስት አልነበረም።

ቼሎ ያለ ገመድ (በርሊን)

እህቴ ያንን ትርኢት ስላየሽው ቀናሁብሽ። እዛ ቤት መድረክ ፊት ኦፔራ ለመምራት ከቆሙት ሴቶች ማልኪ አራተኛዋ ናት፣ የመጀመሪያዋ ሳራ ካልድዌል 1976 ነው። ሚላኖ ላ ስካላ ደግሞ 2011 ላይ "ኳርቴት" የሚባለውን የፍራንቼስኮኒ አዲስ ኦፔራ መራች፣ ሁለት ዘፋኝ፣ ኦርኬስትራ፣ ኤሌክትሮኒክስ። ላ ስካላ ከ1778 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ሴት ኦፔራ መራች ማለት እስከዛ ድረስ የጋዜጣ ዜና ነበር።

ወንድም፣ ማን ይሰማል ላልከው። "ኢኖሰንስ" የሚባል አለ፣ የዚችው የሳሪያሆ የመጨረሻው ትልቅ ኦፔራ። በ2020 ሊታይ ነበር፣ ኮቪድ መጣና ወደ ጁላይ 2021 ተላለፈ፣ ፈረንሳይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ላይ ማልኪ መራችው። ታሪኩ ሄልሲንኪ ያለ ሰርግ ነው፣ ምግብ የምታቀርበው አስተናጋጅ ሙሽራውን ስታየው ታውቀዋለች፣ ከአስር አመት በፊት ትምህርት ቤት ውስጥ ልጇን በጥይት የገደለው የሙሽራው ወንድም ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም። በዘጠኝ ቋንቋ ነው የሚዘፈነው፣ ስዊድንኛም አለበት፣ ልጅህ ያለ ጽሁፍ ትሰማዋለች። የሞተችውን ልጅ የምትጫወተው የፊንላንድ ባህላዊ ዘፋኝ ናት፣ ከብት ከዱር በምትጠራበት ድምፅ ነው የምትዘፍነው፣ የኦፔራ ድምፅ አይደለም። አሁን አስበው፣ 13 ዘፋኝ፣ ዘጠኝ ቋንቋ፣ አንዳንዱ ይናገራል አንዳንዱ ይዘፍናል አንዷ ከብት ትጠራለች፣ ከስር ሙሉ ኦርኬስትራ። ያን ሁሉ በእጅ የምትይዘው አንድ ሰው ናት። ድስት ሲወድቅ መስሎ ከተሰማህ አንዳንዴ ድስቱ በትክክል ባር 114 ላይ መውደቅ አለበት ነው ነገሩ።

መብራት ቤት (ደቡብ ጀርመን)

እኔ ሙዚቃ አላውቅም፣ ግን 11 አመት አንድ ኦፔራ ቤት መብራት ክፍል ነው የምሰራው፣ ስለ እንጀራው ጥያቄ እኔ ልመልስ። ጀርመን ውስጥ በመንግስት ገንዘብ የሚተዳደሩ ኦፔራ ቤቶች ሰማኒያ ገደማ ናቸው፣ ትንሽ ከተማ ሁሉ አለው። ኮንዳክተር የሚኮነው ከላይ ተወርውሮ አይደለም። መጀመሪያ ኮሬፔቲቶር ትሆናለህ፣ ፒያኖ ላይ ቁጭ ብለህ ዘፋኞቹን በየተራ የምታስጠናው ልጅ ማለት ነው፣ በፈረንጅ ከጠዋት አስር ሰአት እስከ ማታ፣ ኦርኬስትራ ሳይመጣ ሳምንታት በፒያኖ ነው የሚጠናው። ከዛ ኮንዳክተሩ ሲታመም ድንገት አንድ ማታ አንተ ምራ ትባላለህ። ያቺ ማታ ናት። ካማረች ካፔልማይስተር፣ የቤቱ ቋሚ ኮንዳክተር ማለት ነው፣ ትሆናለህ፣ ከዛ ወደላይ። ልጅህ ቼሎ ብቻ ሳይሆን ፒያኖም ብትማር ጥሩ ነው በላት።

ከኦርኬስትራው ይልቅ ኦፔራ የሚከብደው ምን መሰለህ፣ ኮንዳክተሩ ከመድረኩ ፊት ዝቅ ብሎ ኦርኬስትራው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ዘፋኙ ሀያ ሜትር ርቆ ደረጃ ላይ ቆሞ ጀርባውን ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በየጥጉ ትንንሽ ቴሌቪዥን አለ፣ ኮንዳክተሩን ብቻ የሚያሳይ፣ እኔም ፊቴ አለኝ፣ መብራቱን በሱ እጅ ነው የምቀይረው። 11 አመት ሙሉ የኮንዳክተር እጅ በጥቁርና ነጭ እያየሁ ነው የኖርኩት፣ ፊታቸውን መንገድ ላይ ባገኝ አላውቀውም እጃቸውን ግን አውቀዋለሁ።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ፣ የሰውየውን ስም አልጠራም። ተከታታይ ማታ ሲዘፍን የሰነበተ ቴነር፣ ቀጭን ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ ማለት ነው፣ ሁለት ባር ዘለለ። ሁለት ባር! ኦርኬስትራው ወደ ኋላ ቀረ። በቴሌቪዥኑ ሳይ ኮንዳክተሩ ቀኝ እጁን አላቆመም፣ ግራ እጁን ወደ ቫዮሊኖቹ ዘርግቶ ሁለት ጣት አሳየና በጭንቅላቱ አንድ ነገር አለ፣ ሶስት ሰከንድ አይሞላም፣ ሁሉም ዘለሉና ቴነሩ ጋ ደረሱ። ህዝቡ አላወቀም። ሲያልቅ ወደ ጉድጓዱ ወርጄ ኬብል ስሰበስብ ሙዚቀኞቹ ኖታ ላይ አየሁ፣ በእርሳስ መነፅር ስለዋል፣ ገፁ ጥግ ላይ ትንሽ መነፅር። ምንድነው ስላቸው "እዚህ ጋ ቀና ብለህ እሱን እይ" ማለት ነው አሉኝ። ካዛንቺስ ለአንተ ነው ይቺ።

ክፍያውን ደግሞ፣ ቤት ውስጥ የተቀጠረ ደሞዝተኛ ነው። ትልልቆቹ ተጋባዦች ግን በትርኢት ነው የሚከፈላቸው፣ ለአንድ አዲስ ኦፔራ ስድስት ሳምንት ልምምድ ሆቴል ተቀምጠው፣ ትርኢቱ ከተሰረዘ ምንም የለም። ኮቪድ ጊዜ ስንቱ አለቀሰ።

ካዛንቺስ77

መነፅሯ ገደለችኝ። እሺ ስራ ነው። ግን ፊንላንድ ስንት ሰው አላት? አምስት ሚሊዮን ምናምን፣ ይሄ ሁሉ ኮንዳክተር ከየት ነው?

ቼሎ ያለ ገመድ (በርሊን)

ከአንድ አስተማሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዮርማ ፓኑላ፣ 1930 የተወለደ፣ ሄልሲንኪ ሲቤሊየስ አካዳሚ ከ1973 እስከ 1993 ፕሮፌሰር ነበር። ሳሎኔን፣ ሳራስቴ፣ ኦራሞ፣ አሁን ደግሞ ወጣቱ ክላውስ ማኬላ ሁሉም በሱ እጅ ያለፉ ናቸው፣ ማልኪም። ዘዴው ቀላል ነበር፣ ተማሪው ንግግር ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን እውነተኛ ኦርኬስትራ ፊት ይቆማል፣ በቪዲዮ ይቀረፃል፣ ከዛ ቁጭ ብለው ቪዲዮውን ያዩታል። እጅህ ሲዋሽ ራስህ ታየዋለህ።

ግን ይሄው ሰውዬ 2014 ላይ በፊንላንድ ቴሌቪዥን ሲጠየቅ ሴቶች ለስለስ ላለ ሙዚቃ፣ ለፈረንሳዊው ለደቡሲ ምናምን ይሆናሉ፣ ለኦስትሪያዊው ለብሩክነር ግዙፍ ሙዚቃ ግን አይሆኑም የሚል ነገር ተናገረ፣ ሀገሩ ተቃጠለ። የራሷ አስተማሪ እኮ ነው። በዛን ጊዜ ተማሪው ፓሪስን ሰባት አመት መርታ ጨርሳ ላ ስካላን አልፋ ነበር። ከሁለት አመት በኋላ የሄልሲንኪን ፊልሃርሞኒክ ያዘች።

የድሮ ሰው ነኝ

አሁን ሁላችሁም ስለ ፊንላንድ ስታወሩ ቡሌዝን ረሳችሁት። ይሄ የዘመናዊ ሙዚቃ ኮንዳክተር የሚባለውን ሙያ እንደ ሙያ በእግሩ ያቆመው እሱ ነው። የኮንዳክተር ዱላ አይዝም ነበር፣ በባዶ እጁ ነበር የሚመራው፣ ልክ እንደ ሂሳብ አስተማሪ ፊቱ አይፈታም ነበር። 1971 ላይ የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክንና የቢቢሲ ሲምፎኒን ባንድ አመት ያዘ። 1967 ላይ ለጀርመን መጽሄት ኦፔራ ቤቶችን ማፈንዳት ነው መፍትሄው ብሎ ነበር፣ ከዛ ሄዶ እነዛው ኦፔራ ቤቶች ውስጥ ደጋግሞ ሰራ ሃሃ። 1979 ፓሪስ ላይ የኦስትሪያዊውን አቀናባሪ የበርግን "ሉሉ" የሚባል ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ሶስት ክፍሉ መራ፣ አቀናባሪው 1935 ሳይጨርሰው ሞቶ፣ መበለቲቱ ማንም እንዳይነካው ከልክላ፣ እሷ 1976 ስትሞት ነው የተፈታው።

እና ያ ማፈንዳት ያለው ነገር፣ 2001 ላይ ከመስከረሙ የኒውዮርክ ጥቃት ጥቂት ቆይቶ ስዊዘርላንድ ሆቴል ተኝቶ ሳለ ፖሊስ ቀሰቀሰው። ሰውየው ከሰባ አምስት አመት በላይ ነው! በአሸባሪነት መዝገብ ላይ ስሙ ተገኝቶ ፓስፖርቱን ለሰአታት ያዙበት። አፍ ሲናገር 34 አመት ቆይቶም ይደርሳል።

አወያይ

ውድ አባላት፣ ጥያቄው ስለ ልጅቷ ነው፣ ስለ ብሩክነርና ስለ ሴት ኮንዳክተር የተጀመረውን ስድብ ሶስት መልእክት አጥፍቻለሁ። ቀጥሉ።

ቼሎ ያለ ገመድ (በርሊን)

ወንድም አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ሩቅ አትሂድ። ባርባራ ሃኒጋን የምትባል ካናዳዊት ሶፕራኖ ዘፋኝ አለች፣ ትዘፍናለችም ትመራለችም፣ አንዳንዴ በአንድ ጊዜ። 2019 ላይ የእናንተ ከተማ ኦርኬስትራ ዋና ተጋባዥ መሪ ሆነች፣ ከዛ በፊት 2018 ዲሴምበር ላይ የመጀመሪያ ኦፔራዋን የመራችውም እዛው ጎተንበርግ ነው። ቫላንድ ፌርማታ ላይ ስታወርዳቸው የነበሩት ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ አሁን አወቅህ። አንድ ቀን አንተም ውረድ።

ትራም ነጂው (ጎተንበርግ)

ከሶስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ ይቅርታ፣ ሽፍት ከባድ ነበር።

ኮንሰርት አዳራሹ ገና ነው፣ ግን ልጄ ትምህርት ቤት ልምምድ አላት ሲሉኝ ከኋላ ቁጭ ብዬ አየሁ። ዘጠኝ ልጆች ናቸው፣ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቼሎ፣ ክላሪኔት፣ ፍሉት፣ ሌሎቹ ስማቸው አይያዘኝም፣ አንዱ ደግሞ የምር ድስት የመሰለ ነገር በዱላ የሚመታ። ሙዚቃውን የጻፈው አንድ ቀይ ፀጉር ያለው የ17 አመት ልጅ ነው፣ ጥግ ላይ ጥፍሩን እየበላ ቆሟል። ልጄ ፊት ቆመች። ቤት ውስጥ ሳህን አጥቢ ስላት የምትነጫነጨው ልጅ አይደለችም፣ ሌላ ሰው ናት፣ ምንም አትጮህም፣ እጇን ከፍ ስታደርግ ሁሉም ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። ዘጠኝ ሰው በአንድ ላይ ትንፋሽ ሲስብ። እውነቴን ነው የመሪጌታ ልጅ ያልከው ነው ትዝ ያለኝ።

ትንሽ ሄደው አቆመችና ክላሪኔቱን በስዊድንኛ "እዛ ጋ ያነበብከው ምንድነው?" አለችው፣ ልጁ ነገራት፣ "የኔ ላይ ሌላ ነው" አለች። ወደ ቀይ ፀጉሩ ዞረች። ልጁ ወረቀቱን አየና ፊቱም ፀጉሩን መሰለ። እሱ ነው ሲገለብጥ የሳተው። ማንም አልሳቀም፣ እርሳስ ተቀባበሉና አረሙ፣ እንደገና ጀመሩ። ድስት ነው ያልኩት ነገር፣ አሁንም ድስት ነው፣ ግን ሶስተኛ ጊዜ ሲደግሙት ድስቷ የምትወድቅበትን ቦታ እየጠበቅኩ ነበር፣ ስትወድቅ ደግሞ ደስ አለኝ፣ ይሄን ለማን ትነግረዋለህ።

እየተመለስን ሳለን ሰባት ምት እንዴት እንደሚቆጠር ጠየቅኳት፣ መኪና ውስጥ ጉልበቴ ላይ መታችልኝ። አሁን ቀይ መብራት ላይ ስቆም እጄ መሪው... ትራም መሪ የለውም እኮ፣ መያዣው ላይ ይመታል። ትናንት አንዲት አሮጊት ከኋላ ሆነው "ምነው ቸኮልክ እንዴ" አሉኝ።

እህቴ ደግሞ ደወለች፣ ቲኬት ቆራጯ እንዴት ናት አለች። ለሚቀጥለው ወር ኮንሰርት አዳራሹ ሶስት ቲኬት የቆረጥኩት እኔ ነኝ አልኳት፣ ለእናትዋም ጭምር።

መብራት ቤት (ደቡብ ጀርመን)

ፒያኖውን ነገርካት?

ትራም ነጂው (ጎተንበርግ)

ነገርኳት። "አውቃለሁ" አለች። ያገለገለ እየፈለግን ነው፣ አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍቱ ጠባብ ነው፣ ሀሳብ ያላችሁ።

ቼሎ ያለ ገመድ (በርሊን)

ሰባቱን ግን እንዴት አድርጋ አስቆጠረችህ?

ትራም ነጂው (ጎተንበርግ)

ሁለት ሁለት ሶስት። እኔ ሶስት ሁለት ሁለት ብዬ ስመታ "አባዬ እሱ ሌላ ሙዚቃ ነው" ብላ እጄን ያዘችኝ።